መናፈሻው የማን ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ሦስት ደብዳቤዎች እመልሳለሁ። ሁለቱ ከዚሁ ከድሬዳዋ፣ አንዱ ከሐረር የመጡ ናቸው። የመጀመሪያው ሰፊ መልስ ስለሚፈልግ አብዛኛውን ቦታ ለእሱ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ «ይድረስ ለልጄ ለአምዱ አዘጋጅ። እንደምን ሰነበትሽ? እኔ የከዚራ ነዋሪ ነኝ። ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይታዘዘኝም። ባለፈው ዓመት ልጄ ጋ ዋሽንግተን ሄጄ ነበር። አንድ ቀን ዋይት ሐውስ ፊት ለፊት ያለች ትንሽ መናፈሻ ወስዳ አስቀመጠችኝ። አንዱ መፈክር ይዞ ይጮኻል፣ አንዱ ምሳውን ይበላል፣ ሌላው ጋዜጣ ያነባል። የፕሬዚዳንቱ ቤት ማዶ ይታያል። ለምን ተቀመጥሽ ያለኝ የለም።

አገሬ ከገባሁ በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነበረኝ። ስደርስ ለምሳ ወጥተዋል። ድሬ ቀትር ላይ እንዴት እንደምታቃጥል ታውቂያለሽ። ከግቢው አጥር ውጭ፣ መንገዱ ዳር ትንሽ መናፈሻ አለች። መሐሏ ላይ ጥሩ ጥላ ያለው የኒም ዛፍ ቆሟል። ሥሩ አረፍ እንዳልኩ ዘበኛው ፊሽካ ነፋ። ‹እማማ፣ ሣሩን እየረገጡት ነው፣ እዚህ መቀመጥ ክልክል ነው› አለኝ። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ይቅርታም ጠይቆኛል። ግን ቢሮው እስኪከፈት ፀሐይ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ልጄ፣ እዚያ የተፈቀደው እዚህ ለምን ይከለከላል? መናፈሻው የማን ነው?»
የከዚራዋ እናት

መልስ፦ እናቴ፣ እንደምን አሉልኝ? ደብዳቤዎ አሳዘነኝ፣ እልህም አስያዘኝ። የእኔ ሙያ ዛፍና አትክልት ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ነው። አንዲት እናት ለጥላ ከተተከለ ዛፍ ሥር በፊሽካ ስትነሳ አይቼ እንዳላየሁ ማለፍ አልችልም።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ከግቢ አጥር ውጭ፣ መንገድ ዳር ያለ መናፈሻ የሕዝብ ነው። ሣሩ የሚጠጣው ውኃ፣ የአትክልተኛው ደሞዝ፣ የዘበኛው ደንብ ልብስ ከሕዝብ ኪስ የወጣ ነው። መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ሲሆን ደግሞ ተጨማሪ ሥራ አለበት፤ የባለጉዳይ ማረፊያ ነው። የተዘጋው ቢሮ እስኪከፈት፣ ፈራሚው ከስብሰባ እስኪወጣ፣ የጠፋው ፋይል እስኪገኝ ሰው የሚጠብቅበት ቦታ ነው። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

አሁን ወደዚያች ወዳዩዋት መናፈሻ ልሂድ፤ ታሪኳ ለእኛም ይጠቅማል።

ስሟ ላፋዬት አደባባይ ነው። ስፋቷ 7 ኤከር ነው፤ በእኛ ልኬት 3 ሄክታር አይሞላም። መጀመሪያ የፕሬዚዳንቱ ግቢ አካል ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1804 ፕሬዚዳንት ጄፈርሰን በመሐል መንገድ እንዲያልፍ አደረጉና ከግቢው ተለየች። ይቺን ነገር ልብ ይበሉልኝ። የዛሬው የሕዝብ መቀመጫ ከባለሥልጣን ግቢ ተቆርሶ የተሰጠ ነው። ስሙ የወጣላት እ.ኤ.አ. በ1824 ነው። በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ከአሜሪካኖች ጎን የተዋጋው ፈረንሳዊው ላፋዬት ያን ዓመት አገሪቱን ሊጎበኝ ተመልሶ ነበር። ቦታዋ በተለያየ ጊዜ የፈረስ መሮጫም፣ መቃብርም፣ የወታደር መስፈሪያም ሆና ታውቃለች።

እዚያ ካሉት ነገሮች ሁሉ እኔን የሚማርከኝ ሐውልቱ አይደለም፤ አንድ አግዳሚ ወንበር ነው። በርናርድ ባሩክ የሚባል ሰው ነበር። በአክሲዮን ገበያ የከበረ ሀብታም ሲሆን በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ዘመን የፕሬዚዳንቶች አማካሪ ሆኗል። ይህ ሰው የተንጣለለ ቢሮ ማሠራት አያቅተውም ነበር። እሱ ግን መናፈሻው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣ እዚያው ሰው እያነጋገረ የአገር ጉዳይ ይመክር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960፣ 90 ዓመት ሲሞላው፣ ወንበሩ በስሙ ተሰየመለት። እናቴ፣ እርስዎ የተቀመጡበት ወንበርና የእሱ ወንበር እኩል ነው። ሀብታሙም ባለጉዳዩም እንጨት ላይ ነው የሚቀመጡት። ከመንግሥት ደጃፍ ያለ መናፈሻ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ይመስለኛል።

ታዲያ ይህ ሁሉ በነጻ የተገኘ እንዳይመስልዎ። እ.ኤ.አ. በ1917 የመምረጥ መብት የጠየቁ ሴቶች ዋይት ሐውስ በር ላይ መፈክር ይዘው መቆም ጀመሩ። ብዙዎቹ ታሰሩ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ እዚያው መናፈሻ ውስጥ፣ የላፋዬት ሐውልት ሥር ተሰብስበው ጮኹ። መብታቸው በሕገ መንግሥት የጸናው እ.ኤ.አ. በ1920 ነው። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ደግሞ ኮንሴፕሲዮን ፒቾቶ የተባለች ከስፔን የሄደች ሴት የኑክሌር መሣሪያን በመቃወም እዚያ ተቀምጣለች። በበረዶም በሙቀትም አልተነሳችም። እ.ኤ.አ. በ2016 እስክትሞት ድረስ የዚያች መናፈሻ ሰው ነበረች።

ገደብም አለ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1984 በመናፈሻው ድንኳን ተክሎ ማደርን መከልከል ይቻላል ብሎ ወስኗል። ለሰልፍም ቁጥር ተቀምጧል። በመናፈሻው እስከ 3,000፣ ዋይት ሐውስ ፊት ባለው የእግረኛ መንገድ እስከ 750 ሰው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ተቃዋሚዎች በኃይል ተበትነው መናፈሻው በረጅም የብረት አጥር ታጠረ። በአብዛኛው ተመልሶ የተከፈተው በቀጣዩ ዓመት ግንቦት ነው። ያኔ እዚያ አገር ብዙ ሰው ነው የተቆጣው። የተዘጋባቸው የለመዱት ቦታ ነበራ።

ለንደንም ተመሳሳይ ነገር አለ። ከፓርላማው ፊት ለፊት ያለው አደባባይ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1868 ነው። ብሪያን ሃው የሚባል ሰው ጦርነትን ተቃውሞ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ አሥር ዓመት ገደማ ሰፍሮበታል። እሱን ለማስነሳት ሕግ ወጣ፣ ክርክር ተነሳ፣ በመጨረሻ በ2011 ድንኳንና መኝታ የሚከለክል ሌላ ሕግ መጣ። እዚያም ቢሆን ግን ባለጉዳይ ቁጭ ብሎ እግሩን ቢያሳርፍ የሚነሳ ክስ የለም።

እንግዲህ የእኛ ነገር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። እነሱ ዘንድ የሚከለከለው ነገር ተጽፏል፣ የሚያከራክርም ከሆነ ፍርድ ቤት ይኬድበታል። እርስዎን ያስነሳዎት ክልከላ የት ተጽፏል? ማን ፈረመበት? ዘበኛውም አያውቀውም። አለቃው «ሣሩን ጠብቅ» ብሎታል፣ እሱም ጠበቀ።

ሙያዬ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ፊሽካውን የሚያስነፋው ሣሩ ነው። ላስረዳዎት።

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዓመት የምታገኘው ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ እሱም በበልግና በክረምት ተከፋፍሎ ነው የሚመጣው። በመካከሉ ያሉት ወራት ደረቅ ናቸው። ሣር ደግሞ ሥሩ ጥልቅ አይደለም። የላይኛው አፈር ሲደርቅ አብሮ ይደርቃል። አረንጓዴ ሆኖ እንዲቆይ ቶሎ ቶሎ ውኃ ይፈልጋል። ጎማውን የያዘው ልጅ ብዙ ጊዜ የሚያጠጣው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው፤ ብዙ ውኃ ሳይጠጣ ይተንናል። እንዲህ ተንገላቶ የበቀለ ሣር ሰው ሲመላለስበት አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ ሥሩ አየር ያጣል፣ ቦታው ይመለጣል። የተመለጠ ሣር አለቃ ያስቆጣል። ስለዚህ ዘበኛ ይቆማል። ዘበኛው ሁሉም ጋ መድረስ ሲያቅተው ሰንሰለት ይመጣል፣ ቀጥሎ አጥር ይመጣል። በመጨረሻ ውኃ በሚቸግርባት ከተማ ውኃ እየፈሰሰለት ማንም የማይጠቀምበት ምንጣፍ ይቀራል።

በዚህ እበሳጫለሁ፤ ምክንያቱም ድሬ ጥላን አሳምራ የምታውቅ ከተማ ናት። ከተማዋ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ሲደርስ ነው። ሐረር ድረስ ተራራውን መውጣት ስለከበደ ሐዲዱ ከታች ቀረና በጣቢያው ዙሪያ ከዚራ ተቆረቆረች። ከዚራን የነደፉት ሰዎች ሙቀቱ ገብቷቸዋል። መንገዱን ቀጥ አድርገው ግራና ቀኙን ዛፍ ደረደሩበት። የደቻቱን ወንዝ ሲሻገሩ ያለችው መጋላ ደግሞ በሌላ ዘዴ ተከላከለችው። መንገዷ ጠባብ ነው፣ አንዱ ግንብ ለሌላው ጥላ ይሆናል። ቀፊራ ገበያ ቅስቶቹ ሥር የተቀመጡትን ነጋዴዎች ይመልከቷቸው፤ ፀሐይዋ ስትዞር ሰሃናቸውን ይዘው ከጥላው ጋር ይዞራሉ። በ10 ሰዓት ታክሲ የሚጠብቅ ሰው መብራት ምሰሶ ጥላ ውስጥ አንዱ ከአንዱ ኋላ በሰልፍ ሲቆም አይተው የለ? ጣት የምታህል ጥላ እንኳ በዚህች ከተማ ባዶ አትውልም። እንዲህ ያለ ሕዝብ መሐል ትልቅ ኒም አቁሞ ሥሩ መቀመጥን መከልከል ምን ይባላል?

መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ወጪውም ከሣሩ ወጪ የሚበልጥ አይመስለኝም። ከዛፉ ሥር ያለው ሣር ይነሳ። ድሮም ጥላ ውስጥ ሣር አይቀናውም። ቦታው ላይ ጠጠር ወይም በየመሐሉ ክፍተት ያለው ድንጋይ ይነጠፍ፤ ውኃ ወደ ሥሩ ማለፍ አለበትና ግንዱ ድረስ ሲሚንቶ መለሰን እንዳይሞክሩት። ዙሪያውን በአጥር ፋንታ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የድንጋይ መደብ ይሠራ። መኪና እንዳይገባ ይከለክላል፣ ሰው ግን ይቀመጥበታል። ሁለት ሦስት አግዳሚ ወንበርም መደገፊያና የክንድ ማረፊያ ይኑረው። የክንድ ማረፊያው ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። ጉልበቱ ለደከመ ሰው ተደግፎ ለመነሳት ብቸኛው መንገድ እሱ ነው።

የወንበሩ አቀማመጥም ይታሰብበት። በድሬ የሚያቃጥለው የከሰዓቱ ፀሐይ ነው፤ ከምዕራብ ነው የሚመጣው። ዛፉ በምዕራብ፣ ወንበሩ በምሥራቅ ከሆነ ባለጉዳዩ በሚጠብቅበት ሰዓት ጥላው ወንበሩ ላይ ይወድቃል። ቀላል ነገር ነው፤ ግን ብዙ መናፈሻ ውስጥ ወንበሩ ለፎቶ ተብሎ መሐል ሜዳ ላይ ይተከልና እስኪመሽ ምጣድ ሆኖ ይውላል።

ማታ መብራት ያስፈልጋል። ድሬ የምትወጣው ሲመሽ ነው፤ እናቶችና ልጃገረዶች ቦታው ጨለማ ከሆነ አይቀመጡም። የመጠጥ ውኃ ቧንቧ ቢኖርማ እሰየው ነው። ሽንት ቤት ከሌለ ግን ዛፉ ሽንት ቤት መሆኑ አይቀርምና እሱን ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። መሥሪያ ቤቱ የራሱን ለባለጉዳይ ይክፈት።

ዘበኛውስ? ዘበኛው ይቆይ። እዚያ ልጅ ላይ ቅሬታ የለኝም። ሥራው ይቀየር ነው የምለው። ሣር ከመጠበቅ ይልቅ ሰው ይጠብቅ። ኪስ አውላቂ ያባር፣ አቅመ ደካማ ሲመጣ ወንበር ያስለቅቅ፣ ቢሮው ሲከፈት «ተከፍቷል» ይበል።

እርስዎ ምን ያድርጉ? እናቴ፣ አንድ ወረቀት ይጻፉ ወይም የልጅ ልጅዎ ይጻፍልዎት። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው የመንግሥት መሥሪያ ቤትን መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። መሥሪያ ቤቱም ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ ምላሽ መስጠት አለበት። ክርክር አይግጠሙ፤ መረጃ ብቻ ይጠይቁ። ይህ መናፈሻ በማን ስም ነው? መቀመጥን የከለከለው መመሪያ ቁጥሩ ስንት ነው? ቅጂው ይሰጠኝ። መመሪያው ከሌለ ክልከላው የለም ማለት ነው። ካለም ደግሞ የፈረመው ሰው ስሙ ይታወቃል፣ ከእሱ ጋር መነጋገር ይቻላል። ደብዳቤውን ሲያስገቡ መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ያስመቱበት፤ አንዱን ኮፒ ለራስዎ ያስቀሩ። ያለ ቁጥር የገባ ደብዳቤ እንዳልገባ ነው።

ጎን ለጎን ቀበሌዎ ይሂዱ። ጎረቤቶችዎንም ይዘው ይሂዱ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቷል። በ40 ዲግሪ ጫፍ ላይ በምትንጠለጠል ከተማ ጥላ የጤና ጉዳይ ነው፤ እንዲህ ብለው ይንገሯቸው። መልስ ሲያገኙ ይጻፉልኝ፤ መልስ ካላገኙም ይጻፉልኝ።

ጥያቄ፦ «ሰላም እህቴ። የሐረር ተማሪ ነኝ። ዋይት ሐውስ ፊት ያለው መናፈሻ መሐል ላይ ፈረሱ ሁለት የፊት እግሩን ያነሳ ሐውልት በፎቶ አይቻለሁ። ፈረሱ ሁለት እግሩን ካነሳ ጋላቢው ጦር ሜዳ ላይ ሞቷል ማለት ነው ይባላል። እውነት ነው?»
ተማሪው፣ ሐረር

መልስ፦ ወንድሜ፣ እውነት አይደለም። ያየኸው የፕሬዚዳንት አንድሪው ጃክሰን ሐውልት ነው። ሰውዬው የሞተው እ.ኤ.አ. በ1845፣ ቴነሲ ውስጥ፣ ገዛ ቤቱ ውስጥ ነው። የእኛኑ ተመልከት፤ አዲስ አበባ ላይ የአፄ ምኒልክ ፈረስም የፊት እግሮቹን አንስቷል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን በሕመም ነው ያረፉት።

ሐውልቱን የሠራው ክላርክ ሚልስ ይባላል፤ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በጥር 1853 ነው። በአሜሪካ ምድር ቀልጦ የተሠራ የመጀመሪያው የፈረሰኛ ሐውልት ነው። ያ ሁሉ ነሐስ በሁለት የኋላ እግር ብቻ እንዲቆም ክብደቱ ወደ ፈረሱ የኋላ ክፍል እንዲያመዝን ተደርጓል። በአራቱ ማዕዘን ያሉት ደግሞ ለአሜሪካ ነጻነት የተዋጉ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። ላፋዬትና ሮሻምቦ ከፈረንሳይ፣ ኮሽቹሽኮ ከፖላንድ፣ ፎን ሽቶይበን ከፕሩሺያ። ጃክሰን ባሪያ አሳዳሪ ነበር፤ ነባር ሕዝቦችን ከመሬታቸው ያፈናቀለውን የ1830 ሕግም የፈረመው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ሰልፈኞች ገመድ አስረው ሊጥሉት ሞክረው ነበር። እስካሁን ቆሟል።

ጥያቄ፦ «አቦ እህታችን፣ እኛ የሳቢያን ልጆች ነን። ሰፈራችን ውስጥ ቆሻሻ የሚጣልበት አንድ ባዶ ቦታ አለ። አጽድተን ትንሽ መናፈሻ ልናደርገው አስበናል። ገሚሶቻችን አበባው ቀይ የሆነውን የድሬዳዋ ዛፍ እንትከል አልን፣ ገሚሶቻችን ኒም አልን። አንዱ ጓደኛችን ደግሞ ደቻቱ ዳር ያለውን ባዶ ቦታም እንጨምር ይላል። ምን ትመክሪናለሽ?»
የሳቢያን ወጣቶች

መልስ፦ እናንተ ልጆች፣ ተባረኩ! እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲመጣ ቀኔ ይበራል።

ከደቻቱ ልጀምር፤ እዚያ ላይ ጨካኝ ነኝ። ወንዙ ዓመቱን አብዛኛው አሸዋ ብቻ ሆኖ ስለሚታይ ባዶ መሬት ይመስላል። ዝናቡ ግን የሚዘንበው ከላይ፣ ተራራው ላይ ነው። ከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፍ ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ይዞ ሄዷል። ስለዚህ በወንዙ መሄጃ ውስጥ ሰው የሚያስቀምጥ ነገር አትሥሩ። ወንበር፣ ዳስ፣ መጫወቻ ምንም አይሁን።

አሁን ወደ ዛፉ። በአጭሩ፣ ለወንበር ኒም፣ ለዳር የድሬዳዋ ዛፍ። የድሬዳዋ ዛፍ ትውልዱ ማዳጋስካር ነው። ሲያብብ ዓይን ያፈዛል፣ ቅርንጫፉም ሰፊ ዣንጥላ ይሠራል። ግን በደረቅ ወራት ቅጠሉን ያራግፋል፤ ጥላ በምትፈልጉበት ጊዜ ራቁቱን ይቆማል። እንጨቱ ተሰባሪ ነው፣ በነፋስ ቅርንጫፍ ይጥላል። ሥሩም ወደ ላይ እየመጣ ንጣፍ ያነሳል፣ ቧንቧ ያስቸግራል። ከቤት፣ ከአጥርና ከውኃ መስመር ቢያንስ 5 ሜትር አርቁት። ውበቱን ማንም አይክደውም፤ ቦታውን ብቻ ምረጡለት።

ኒም ከሕንድ በኩል የመጣ ዛፍ ነው። ሥሩ ወደ ታች ይወርዳል፣ አንዴ ከያዘ ውኃ ሳትሰጡትም ይኖራል፣ ድርቁ እጅግ ካልጠና ቅጠሉን አይጥልም። ፍሬው ሲበስል መሬት ላይ ይወድቅና ያንሸራትታል፤ በዚያ ሰሞን ጠረግ ጠረግ ማድረግ ነው። በዛፍና ዛፍ መካከል ከ8 እስከ 10 ሜትር ተዉ። ችግኝ ሲሆን ቦታው ባዶ ይመስላችኋል፤ ማጠጋጋት ያምራችኋል። እንዳትሸነፉ። ተጠጋግቶ ያደገ ዛፍ ወደ ላይ ይሮጣል እንጂ ጎኑን አይዘረጋም፣ ጥላ አይሰጥም።

ቶሎ ያድጋል ብሎ ፕሮሶፒስ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ አመስግናችሁ መልሱት። እሾሃማ ነው፣ ፍሬውን ከብትና ፍየል በልቶ ዘሩን ይበትናል፣ አንድ ቀን አንድ ሰፈር የገባ ከዚያ አይወጣም። አፋር ላይ ግጦሹን ምን እንዳደረገው የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

አተካከሉ ላይ ጥድፊያ አይኑር። ጉድጓዱን ስድሳ በስድሳ፣ ጥልቀቱንም ስድሳ ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ከወዲሁ ቆፍሩ። የላይኛውን አፈር ለብቻ፣ የታችኛውን ለብቻ አስቀምጡ፤ ስትመልሱ የላይኛው ከብስባሽ ጋር ተቀላቅሎ ሥሩ አጠገብ ይግባ። የችግኙን ፕላስቲክ ቀድዳችሁ አውጡት። ከነፕላስቲኩ ተተክሎ ለዓመታት አልጨምር ያለ ዛፍ ብዙ ነቅያለሁ፤ ሥሩ እንደ ኳስ ተጠቅልሎ ነው የሚወጣው። ተከላው ክረምት ሲገባ፣ ሐምሌ ላይ ይሁን። ዙሪያውን ውኃ የሚይዝ ገንዳ አብጁለት። ከዚያ ዋናው ሥራ ይመጣል፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ያሉትን የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ውኃ ማጠጣት። በፎቶ የተተከለ ብዙ ችግኝ የሚሞተው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ማንም በማያየው ጊዜ ነው። ማን በየትኛው ቀን እንደሚያጠጣ ስም ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ማታ ወይም ጎህ ሲቀድ ቀስ ብላችሁ አጠጡ። ከፍየል ደግሞ በእሾህ ቅርንጫፍ ከልሉት፤ የድሬ ፍየል ምን እንደምትችል ለእናንተ አልነግርም።

ከሁሉ በፊት ግን ቀበሌ ሂዱና ቦታው በወረቀት ላይ ምን ተብሎ እንደተያዘ ጠይቁ። ለመንገድ ወይም ለግንባታ የተያዘ ከሆነ ልፋታችሁ በአንድ ቀን በዶዘር ይሄዳል። ክፍት ቦታ ከሆነ እንድትንከባከቡት የተፈቀደበትን ደብዳቤ በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ማኅተሙንም እዩ። በቃል «ቀጥሉ» ያላችሁ ሰው ነገ ሊቀየር ይችላል። የደብዳቤውን ኮፒ ከእናንተ መካከል ሰነድ የማይጠፋበት ሰው ጋ አስቀምጡ፤ ብዙ ጊዜ የአንዷ ልጅ እናት ናት። ቁፋሮውን ሰኔ ላይ ስትጀምሩ ንገሩኝ፤ ችግኝ የሚመርጥ ሰው ከፈለጋችሁ እመጣለሁ።